ቆሞ መሥራት ይጠቅማል፣ ግን እንደሚወራለት አይደለም

ስታንዲንግ ዴስክ (ቆመው የሚሠሩበት ከፍ ያለ ጠረጴዛ) ያልተባለለት ነገር የለም። ውፍረት ይቀንሳል ይባላል። ልብ ይጠብቃል፣ ስኳር ያስተካክላል፣ የወገብ ሕመም ያስታግሳል፣ ድብርት ያባርራል፣ ሥራ ያቀላጥፋል፣ ሲብስም ዕድሜ ያረዝማል። ማስታወቂያውን ላየ ሰው የሚሸጠው ጠረጴዛ ሳይሆን ሆስፒታል ነው የሚመስለው።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ከተባሉት ውስጥ አንዳንዶቹ እውነት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሻጭ ለገበያው የጨመራቸው ናቸው። ጠረጴዛውን አልጠላውም። እኔም ቆሜ እሠራለሁ፣ ሲደክመኝ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰዎች ደህና ገንዘብ አውጥተው ይገዙታል፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ግትር ብለው ቆመው ይውላሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት እግራቸው አብጦ ወንበራቸው ላይ ይመለሳሉ፣ ከዚያ "ይሄ ነገር ውሸት ነው" ይላሉ። ጠረጴዛው ምን በደለ? ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ነው የጠበቁበት።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመቀመጥ ጦስ የታወቀው በአውቶቡስ ነው

ጄሪ ሞሪስ የሚባል ብሪታኒያዊ ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ሕመም ለምን እንዲህ እንደበዛ ማጥናት ጀመረ። መልሱን የፈለገው የለንደን አውቶቡሶች ውስጥ ነው። ያኔ ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰው ይሠራ ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል። ትኬት ቆራጩ ደግሞ ላይና ታች ሲል ይውላል፤ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። ሁለቱም አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ ኑሯቸውም ብዙ የማይራራቅ ሰዎች ናቸው። ሞሪስና ባልደረቦቹ ወደ 31,000 የሚጠጉ ወንድ የትራንስፖርት ሠራተኞችን መረጃ አገላብጠው በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያገኙትን አወጡ። ሾፌሮቹ ከትኬት ቆራጮቹ ይበልጥ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር፤ ሲያማቸውም ቶሎ ይሞቱ ነበር።

በእርግጥ ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። ምናልባት ሾፌር ለመሆን የሚያመለክተው ሰው ከመጀመሪያውም ወፈር ያለ ቢሆንስ? ሞሪስ ራሱ ይህን ለማጣራት ሄዶ ሄዶ የደንብ ልብሳቸውን መዝገብ አየ። የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ በወንበሩ ማሳበብ አይቻልም። እንዲህ ራሱን የሚፈትሽ ተመራማሪ ደስ ይለኛል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ትኬት ቆራጩ ቆሞ አልዋለም። ሲወጣና ሲወርድ ነው የዋለው። ዛሬ "መቀመጥ ይገድላል" ተብሎ የሚነገረን ነገር ሁሉ ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው ይህ ጥናት፣ ያወዳደረው የሚቀመጥን ሰው ከሚንቀሳቀስ ሰው ጋር ነው። በመካከል የሆነ ቦታ ላይ "መንቀሳቀስ" የሚለው ወጣና "መቆም" የሚለው ገባ። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፤ መንቀሳቀስ አይሸጥም፣ ጠረጴዛ ግን ይሸጣል።

"መቀመጥ አዲሱ ሲጋራ ነው" የሚለውም መፈክር የመጣው ከዚሁ ወሬ ጋር ነው። ብዙ ጊዜ ሜዮ ክሊኒክ በተባለው የአሜሪካ ሆስፒታል ይሠራ ከነበረው ከዶክተር ጄምስ ሌቪን ጋር ተያይዞ ይነሳል። መፈክሩ ጆሮ ይይዛል፣ ግን ልኩን ያለፈ ነው። በ2018 አንድ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቀመጥ ያለ ዕድሜ የመሞትን አደጋ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጨምራል፤ ማጨስ ግን በ180 በመቶ ገደማ። ወንበርና ሲጋራ አይገናኙም። ወንበሩ ምንም አያደርግም ማለቴ ግን አይደለም፤ 20 በመቶም ቢሆን ቀልድ አይደለም፣ በተለይ ቢሮ የሚውለው ሰው ብዛት ሲታሰብ።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የ2016ቱ ጥናት ነው፣ እሱም ላንሴት ላይ የወጣ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ያየ ነው። በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው የሚራመዱ ወይም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች፣ ከ8 ሰዓት በላይ ቢቀመጡም እንኳ፣ መቀመጡ የሚያመጣው ተጨማሪ የሞት አደጋ አልታየባቸውም። 60 ደቂቃ ለብዙ ሰው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው ምክር እንኳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው የሚለው። ቢሆንም መንገዱን ያሳያል፤ የመቀመጥ ማርከሻው እንቅስቃሴ ነው።

ውፍረት መቀነሱን እርሱት

ብዙ ሰው ጠረጴዛውን የሚገዛው ቦርጩን አስቦ ስለሆነ ይህን ቶሎ ልገላገለው። በ2018 ሜዮ ክሊኒክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ 46 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጥቶ ነበር። ቆሞ ያለ ሰው ተቀምጦ ካለ ሰው ይልቅ የሚያቃጥለው በደቂቃ 0.15 ካሎሪ ያህል ብቻ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 6 ሰዓት ሙሉ ቢቆም ትርፉ 54 ካሎሪ ነው። የአንድ መካከለኛ ሙዝ ግማሽ ማለት ነው።

ይህን ሰምቶ "በዓመት ሲደመርስ?" የሚል አለ፣ አጥኚዎቹ ራሳቸውም ደምረውታል፤ በወረቀት ላይ በዓመት ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይወጣዋል። ችግሩ ሰውነት በወረቀት አይመራም። ቆሞ የዋለ ሰው ይርበዋል፣ ወይም ቤቱ ሲገባ ሶፋው ላይ ይዘረራል፣ "ዛሬ እኮ ቆሜ ነው የዋልኩት" ብሎ ያቀደውን የእግር ጉዞ ይሰርዛል። ግማሽ ሙዝ ለማካካስ ብዙ አይፈጅም።

ስኳሩ ላይ ግን ነገር አለ

ምሳ ከተበላ በኋላ የደም ስኳር ከፍ ይላል። ጤነኛ ሰውም ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ኢንሱሊን ይመጣና ስኳሩ ወደ ጡንቻ ይገባል። ትልልቆቹ የሰውነት ጡንቻዎች ያሉት ጭንና መቀመጫ ላይ ነው። ተቀምጠን እነዚህ ጡንቻዎች ሥራ ፈት ናቸው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ስኳሩን ለመውሰድ አይቸኩሉም። ምሳ በልቶ ተመልሶ ወንበር ላይ የሚደፋ ሰው ስኳሩ ከፍ እንዳለ የሚቆየው ለዚህ ነው።

በ2014 የታተመ አንድ የብሪታኒያ ጥናት 10 የቢሮ ሠራተኞችን ወስዶ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ አንድ ቀን ተቀምጠው፣ ሌላ ቀን ቆመው እንዲሠሩ አደረገ። በቆሙበት ቀን ከምሳ በኋላ የታየው የስኳር ጭማሪ በ43 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥሩ ውጤት ነው። ግን 10 ሰው ነው! ሻጮች 43ቷን ቁጥር በትልቁ ይጽፏታል፣ 10ሯን ግን አይጠቅሷትም።

ደግሞ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2015፣ ሌላ ጥናት መጣ። ይህኛው ደግሞ በየ20 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ብቻ ከወንበር መነሳት ምን ይለውጣል ብሎ ጠየቀ። ተነስተው ቀስ ብለው የተራመዱት ስኳራቸው ወረደ። ተነስተው ዝም ብለው የቆሙት ግን ቁጭ ካሉት ጋር ልዩነት አልነበራቸውም። ይህም ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ፍርድ አድርጋችሁ አትያዙት። ከዚያ በፊት በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ 19 ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናትም በየ20 ደቂቃው የ2 ደቂቃ ዘና ያለ እርምጃ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን ስኳር በ24 በመቶ ገደማ ዝቅ እንዳደረገው አሳይቷል።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው እንዲህ ይመስለኛል። ለረጅም ሰዓት መቆም ስኳሩን ሊረዳ ይችላል። ለሁለት ደቂቃ መቆም ብዙም ለውጥ የለውም። ለሁለት ደቂቃ መራመድ ግን ዋጋ አለው። እንግዲህ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት የምትቆሙበት ሰዓት ብታደርጉት ከቀኑ ሁሉ የሚያዋጣው ያ ነው፤ በየመሃሉ ደግሞ ውሃ ለመቅዳትም ይሁን ወረቀት ለማምጣት እግራችሁን አንቀሳቅሱ። ስኳር ያለበት፣ በተለይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጠረጴዛ ገዛሁ ብሎ መድኃኒቱን እንዳይነካካ፤ ያ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ ነው።

አንገትና ጀርባ

ለእኔ የዚህ ጠረጴዛ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ሲሠራ ከጎን ሆናችሁ እዩት። ጠዋት ሲጀምር ቀጥ ብሏል። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ትከሻው ወደ ፊት መጥቷል። አንድ ሰዓት ሲሞላ አገጩ ከደረቱ ቀድሞ ወደ ስክሪኑ ሄዷል፣ ወገቡ ጎብጧል፣ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ከተለያየ ቆይቷል። ማንም እንዲህ ተቀመጥ አላለውም። አንገት ላይ ያሉት ጡንቻዎች ወደ ፊት የተንጠለጠለውን ጭንቅላት ለመሸከም ሳይፈቱ ተወጥረው ይውላሉ፣ ማታ ላይ "አንገቴን ያዘኝ" የሚባለው የዚህ ውጤት ነው።

ሲቆሙ ይህ አቀማመጥ ይፈርሳል። በ2011 ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞች ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው ነበር። የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን በ66 ደቂቃ ቀነሰ፣ የላይኛው ጀርባና የአንገት ሕመማቸው ደግሞ በ54 በመቶ። የሚገርመው የኋላው ነው። ጥናቱ አልቆ ጠረጴዛዎቹ ሲወሰዱ ጥቅሙ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ጠረጴዛው የሚያድን ነገር የለውም ማለት ነው፤ እየተጠቀሙበት ሳለ ሕመሙን ይከላከላል፣ ሲተዉት ሕመሙ ይመለሳል።

የታችኛው ወገብ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆም በራሱ ወገብ ያሳምማል። በላብራቶሪ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ የ2017 ትንታኔ፣ ሰዎች ያለማቋረጥ 71 ደቂቃ ገደማ ሲቆሙ ወገባቸው ላይ ስሜቱ ጎልቶ እንደሚመጣ፣ ቶሎ የሚያማቸው ሰዎች ደግሞ 42 ደቂቃ ላይ እንደሚጀምራቸው አሳይቷል። ስለዚህ "ወገቤን ያመኛልና ቀኑን ሙሉ ልቁም" ማለት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ቆሞ መዋልም የራሱ ዕዳ አለው

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ ተቀምጠው የሚሠሩትን ልብስ ሰፊዎችና ጫማ ሰፊዎች ብቻ አይደለም ያነሳው። ቆመው የሚውሉትም እግራቸው ላይ የደም ሥር እንደሚወጣባቸው ጽፏል። ከ300 ዓመት በፊት ሁለቱም እንደሚጎዱ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ደም ወደ እግር መውረዱ አያስቸግረውም፣ መመለሱ ነው ጣጣው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚጓዘው፣ እና የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ባታችን በተጨማደደ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይልካል፣ ደም መልሶቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ግትር ብለን ስንቆም ባታችን ይህን ሥራ አይሠራም። ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ በዓመታት ውስጥ በሮቹ ይደክማሉ፣ ሥሮቹ ከቆዳ ስር ይጥመለመላሉ። ሰልፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ የቆሙ ወታደሮች አንዳንዴ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁትም በዚሁ ነው፤ ደሙ እግራቸው ላይ ቀርቶ ለጭንቅላታቸው ያንሳል።

ብዙ ያነጋገረው ጥናት የመጣው ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በጥቅምት 2024። በብሪታኒያ የሚኖሩ ከ83,000 በላይ ሰዎች እጃቸው ላይ ባሰሩት መሣሪያ እንቅስቃሴያቸው ተለክቶ፣ ከዚያ ለሰባት ዓመት ገደማ ጤናቸው ክትትል ተደርጎበታል። ብዙ መቆም የልብ ሕመምንም ሆነ ስትሮክን አልቀነሰም። ከዚያ አልፎ፣ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ ሲቆም እያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ደቂቃ እንደ ደም ሥር መጥመልመል ያሉ የደም ዝውውር ችግሮችን በ11 በመቶ ከፍ አደረገ። ከ10 ሰዓት በላይ የሚቀመጡትም ቢሆን አልተረፉም፤ እነሱ ላይ ሁለቱም ዓይነት ችግር ጨመረ።

ከዚያ በፊት በካናዳ ኦንታሪዮ 7,300 ያህል ሠራተኞችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በአብዛኛው ቆመው የሚሠሩ ሰዎች በአብዛኛው ተቀምጠው ከሚሠሩት ይልቅ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ወደ እጥፍ የተጠጋ መሆኑን አግኝቷል። ይህን ይዞ "ስታንዲንግ ዴስክ ልብ ይጎዳል" የሚል አርዕስት ያየ ሰው ይኖራል። አይገናኝም። ጥናቱ ላይ ያሉት ቆመው የሚሠሩ ሰዎች እንደ ገንዘብ ተቀባይና ምግብ አብሳይ ያሉ፣ ሲደክማቸው የመቀመጥ መብት የሌላቸው ሠራተኞች ናቸው። የቢሮ ሰው ደግሞ ከኋላው ወንበር አለው። ያም ሆኖ የሚነግረን ነገር አለ፤ መቆም ብቻውን ለልብ ጋሻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከሁላችን በላይ ጤነኛ በሆኑ ነበር።

ስለዚህ የደም ሥር መጥመልመል ያለባችሁ፣ እግራችሁ የሚያብጥ፣ ጉልበት ወይም ዳሌያችሁን የሚያማችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ረጅም ሰዓት መቆም ለእናንተ አይደለም።

ሥራ ያቀላጥፋል ስለሚባለው ብዙ የምለው የለኝም። አውስትራሊያ ኩርቲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 20 ሰዎችን ለሁለት ሰዓት አቁመው ያሠሩ ተመራማሪዎች፣ ነገር የማፍለቅ ችሎታቸው ትንሽ ሲሻሻል ለሚታያቸው ነገር ፈጥኖ ምላሽ የመስጠት ችሎታቸው ግን እንደቀነሰ፣ እግራቸውና ወገባቸው ላይም ሕመም እንደተሰማቸው ጽፈዋል። በአጭሩ፣ ሐሳብ ለማንሸራሸር ቁሙ፣ ሒሳብ ለማመሳከር ተቀመጡ።

ታዲያ እንዴት ይሁን?

በ2015 የባለሙያዎች ቡድን ለቢሮ ሠራተኛ ያወጣው ምክር አለ። በሥራ ሰዓት ውስጥ በድምሩ 2 ሰዓት በመቆምና ቀለል ባለ እንቅስቃሴ ጀምራችሁ፣ ቀስ በቀስ ወደ 4 ሰዓት ድረሱ ይላል። ባንድ ጊዜ አይደለም፣ ተከፋፍሎ ነው። ከላይ ካነሳሁት የወገብ ጉዳይ ጋር ሲታይ፣ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቆም፣ ከዚያ መቀመጥ፣ በመሃል ወዲያ ወዲህ ማለት ለአብዛኛው ሰው የሚስማማ ልክ ነው። ሰዓት ሞልታችሁ መከታተል ካሰለቻችሁ ሥራውን ምልክት አድርጉት። ስልክ ሲደወል መነሳት። ስብሰባ ሲጀመር መነሳት። ኢሜይል ስታነቡ መቆም፣ ረጅም ጽሑፍ ስትጽፉ መቀመጥ። ሰውነት ራሱም ይናገራል። ቆሞ የሚሠራ ሰው ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ጥሎ ዳሌውን ወደ ጎን ሲያወጣ፣ ጉልበቱን ሲቆልፍ፣ ከዚያ አንድ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ሙሉ ለሙሉ ሲንጋደድ ካያችሁት፣ ጊዜው አልፎበታል። ይቀመጥ።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆማችሁ ትከሻችሁን ልቀቁት፣ ክርናችሁን እጠፉት፣ ጠረጴዛው ክርናችሁ ጋ ይሁን። ትከሻችሁ ወደ ጆሮአችሁ ከተጠጋ ጠረጴዛው ከፍ ብሏል ማለት ነው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ርቀቱ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ያህል። እዚህ ላይ ላፕቶፕ ጣጣ ያመጣል። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ናቸውና ለዓይን ስታስተካክሉት ለእጅ ይበላሻል፣ ለእጅ ስታስተካክሉት አንገት ይደፋል። ላፕቶፑን ካርቶን ላይ አውጥቶ እጁን እንደ ፒያኖ ተጫዋች አንጠልጥሎ የሚጽፍ ሰው ሁለት ቀን ሳይቆይ የእጅ አንጓውን ያመዋል። መፍትሔው የተለየ ኪቦርድና ማውስ መግዛት ነው፣ ከጠረጴዛው ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

ወለሉም ወሳኝ ነው። ሴራሚክ ላይ በተረከዝ ጫማ ቆሞ መሥራት ራስን መቅጣት ነው። ለስለስ ያለ ወፍራም ምንጣፍ እግር ስር ይረዳል፤ ዋናው ጥቅሙ ላዩ ላይ ሲቆም እግር ሳያውቀው ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀሱ ነው። ዝቅ ያለች መርገጫም ጥሩ ናት። አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን እግር ላይዋ እያወጡ መቀያየር ወገብን ያሳርፋል። ተረከዝን እያነሱ መመለስም ባትን ያሠራል፣ ማንም አያይባችሁም።

ጠረጴዛውና ትምህርቱ አብረው ሲሄዱ ለውጡ ከትምህርት ብቻ እንደሚበልጥም ታይቷል። በብሪታኒያ 756 የአካባቢ መስተዳድር ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ በ2022 የታተመ ጥናት ነበር። ትምህርት፣ ማስታወሻና ክትትል ብቻ የተሰጣቸው ከአንድ ዓመት በኋላ የሚቀመጡበትን ጊዜ በቀን በ22 ደቂቃ ቀነሱ። ይህ ሁሉ ተሰጥቶ ጠረጴዛው የተጨመረላቸው ግን በ64 ደቂቃ። ጠረጴዛው ሥራውን ይሠራል፣ ግን አብሮት የሚጎተጉት ሰው ይፈልጋል። በብዙ ቢሮ የሚደረገው ግን ጠረጴዛውን ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ ከቦታው ሲነሳ አለቃው ቀና ብሎ ያየዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተገዛ ጠረጴዛ ለፎቶ ካልሆነ ለምን እንደሚሆን አላውቅም።

ጠረጴዛ የሌላችሁ ሰዎች ብዙ አልቀረባችሁም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ መመለስ፣ ስልክ እየተራመዱ ማውራት፣ ሊፍት ትቶ ደረጃ መውጣት ገንዘብ አያስወጣም፣ ለስኳሩና ለደም ዝውውሩ ደግሞ ቆሞ ከመዋል ይሻላል። አንገታችሁንና ትከሻችሁን የሚያማችሁ ከሆነና ልትገዙ ካሰባችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛው ዝቅታው ነው፤ ሁሉም ሰው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይጠይቃል፣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚጠይቅ የለም፣ አጠር ያለ ሰው ግን ተቀምጦ ሲሠራ ጠረጴዛው ደረቱ ጋ ይደርስበታል። ሁለተኛው አሠራሩ ነው። ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚወጣና የሚወርድ፣ የተለኩትን ከፍታዎችም የሚያስታውስ ቢሆን ይመረጣል። በእጅ እያሽከረከሩ የሚያወጡትን ሰዎች የመጀመሪያው ወር ላይ ያሽከረክሩታል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይተዉታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ታች።